የእርሻ መሬት ገማች ሥራና የወጣት ገማቾች ጉባኤ ጥቅም

በገበያ የሚገኝ ዕቃ ሁሉ ዋጋው የሚቆረጠው በሁለት ሰዎች ስምምነት ነው። ሻጭ ይጠራል፤ ገዢ ይቀንሳል፤ ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ መካከል ላይ ይገናኛሉ። በግ ቢሆን፣ ጤፍ ቢሆን፣ ጋቢ ቢሆን ነገሩ አንድ ነው። የእርሻ መሬት ግን በአገራችን አይሸጥም፤ አይለወጥም። ሻጭና ገዢ የሌለው ነገር ዋጋው በምን ይታወቃል? በገበሬው ማሳ ላይ መንገድ ወይም ፋብሪካ ወይም ግድብ ሊሠራ የታሰበ እንደሆነ፣ ገበሬው ስንት ብር ተቀብሎ ይነሣ? ይህን ጥያቄ እንዲመልስ የተሾመው ሰው ገማች ይባላል።

የዚህች ጽሑፍ ዓላማ የገማች ሥራ ከየት እንደ መጣ፣ ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ፣ በተለይም ሥራውን ገና የጀመሩ ወጣት ገማቾች በጉባኤ ተሰብስበው መመካከራቸው ምን እንደሚጠቅም ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ማስረዳት ነው።

በልደታ ለምንማር ልጆች የእርሻ ነገር ሩቅ መስሎ ይታየን ይሆናል። ነገር ግን ጥቂት ብናስብ ሩቅ አይደለም። ቦሌ ከመሠራቱ አስቀድሞ የአዲስ አበባ የአውሮፕላን ማረፊያ በልደታ ሜዳ ላይ ነበረ። ዛሬ በዚህ አካባቢ የሚታየው አስፋልት፣ ኮንዶሚኒየምና የፎቅ ቤት ነው። መሬት ሳይንቀሳቀስ በቦታው እንዳለ ሥራው ሲለወጥ ዋጋውም ይለወጣል ማለት ነው። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሕንፃ ትምህርት ተቋም የሚገኘው በልደታ ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎትም እዚሁ ነው። አንዱ የሚሠራውን ሰው ያስተምራል፤ ሌላው የተጣላውን ሰው ይዳኛል። በሁለቱ መካከል የቆመውን ገማች ግን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

በአገራችን መሬትን መለካትና ደረጃ መስጠት የቈየ ሥራ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቀላድ በሚባል የመለኪያ ገመድ ብዙ መሬት ተለክቷል። የስፋቱም መስፈሪያ ጋሻ ይባል ነበር፤ አንድ ጋሻ በዛሬው ልክ ወደ 40 ሄክታር ያህል ነው። ከተለካ በኋላ መሬቱ እንደ ፍሬያማነቱ በሦስት ይከፈል ነበር። አፈሩ መልካም ሆኖ ሰው የሰፈረበትና የሚታረሰው ለም ተባለ፤ መካከለኛው ለም ጠፍ ተባለ፤ ያልለማውና ፍሬው ጥቂት የሆነው ጠፍ ተባለ።

ይህ አከፋፈል የስም ብቻ እንዳልነበረ ከግብሩ ልክ እናያለን። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሠረት በተለካ መሬት ላይ የለም ጋሻ 15 ብር ግብርና ስለ ዐሥራት 35 ብር፣ በድምሩ 50 ብር ይከፍል ነበር። የለም ጠፍ ጋሻ 10 ብርና 30 ብር፣ በድምሩ 40 ብር ይከፍል ነበር። የጠፍ ጋሻ ግን 5 ብርና 10 ብር፣ በድምሩ 15 ብር ብቻ ነበር። እንግዲህ አስተውሉ። ደረጃ የሚሰጠው ሰው በመዝገቡ ላይ «ጠፍ» በማለት ፈንታ «ለም» ብሎ ቢጽፍ፣ ያው መሬት ያው ገበሬ በየዓመቱ 35 ብር ጨምሮ ይከፍላል። «ለም» በማለት ፈንታ «ጠፍ» ብሎ ቢጽፍ ደግሞ መንግሥት ያን ያህል ያጣል። በዚያ ዘመን 35 ብር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። በአንዲት ቃል ላይ ይህን የሚያህል ነገር ስለ ተንጠለጠለ፣ ጽሑፉን የያዘው ሰው በሁለቱም ወገን ይፈራ፣ ይለመን፣ ይጠረጠርም ነበር።

ሕዝቡ ግምቱን ያላመነ እንደሆነ ምን እንደሚመጣ በጎጃም ታይቷል። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ሥራ ገቢ ላይ ግብር የሚጥል አዋጅ ወጣ፤ ዐሥራትም ቀረ። አዲሱ ግብር የገበሬውን የዓመት ገቢ መገመት የግድ የሚጠይቅ ነበረ። በጎጃም ግን መሬቱ የርስት መሬት ነበረ፤ በቀላድም አልተለካም ነበር። ሕዝቡ «ዛሬ ገቢያችንን ሊገምቱ የመጡ ሰዎች ነገ መሬታችንን ለክተው ርስታችንን ያፈርሱታል» ብሎ ሠጋ። ገማቾቹን አላስገባም አለ። ነገሩም ከክርክር አልፎ ወደ ዐመፅ ደረሰ፤ ጦርም ተላከ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻም መንግሥት ግብሩን ከመሰብሰብ ተገታ፤ ውዝፉም ተማረ። የዚህ ጠብ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱ ይህ ነው፤ ግምቱ በምን ሚዛን እንደሚመዘን ሕዝቡ አላወቀም፤ ገማቹንም አላመነም።

ከዚያ በኋላ የመሬት ሥሪት ፈጽሞ ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ መሸጥና መለወጥም ተከለከለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። በዚያው አንቀጽ ገበሬ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ተጽፏል። በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ንብረት ግን የራሱ ነው። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲል የወሰደው እንደሆነ ተመጣጣኝ ካሣ አስቀድሞ መክፈል አለበት።

«ተመጣጣኝ» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ለመጻፍ ቀላል ነው። በብር ሲመነዘር ስንት ነው? የሚለው ግን ከባድ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ፣ ከመነሣቱ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ 10 እጥፍ የመፈናቀያ ካሣ እንዲከፈለው ደነገገ። ብዙዎች ይህ አነሰ ብለው ተከራከሩ። በኋላም በዚህ ፈንታ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወጣ። ይህ አዋጅ አማካዩን ትቶ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን የዓመት ገቢ ወሰደ፤ ማባዣውንም 15 አደረገው። በመሬቱ ላይ ላለው ቤት፣ አጥር፣ ዛፍና ሌላም ንብረት የሚከፈለው ካሣ ከዚህ ሌላ ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። ቍጥሮቹን ለማስረዳት ያህል እኛ ያወጣናቸው ስለሆኑ ማንም እንደ እውነተኛ ዋጋ አይያዛቸው። አንድ ገበሬ ግማሽ ሄክታር የጤፍ ማሳ አላቸው እንበል። ካለፉት ሦስት ዓመታት መልካም በነበረው ዓመት 8 ኩንታል አፈሱ። የኩንታሉ ዋጋ 6,000 ብር ቢሆን፣ የዓመቱ ገቢ 48,000 ብር ይሆናል። ይህ በ15 ሲባዛ 720,000 ብር ነው። በቀድሞው አዋጅ ቢሆንና የአምስቱ ዓመት አማካይ ገቢያቸው 40,000 ብር ቢሆን ግን፣ በ10 ተባዝቶ 400,000 ብር ብቻ ያገኙ ነበር። ያው ማሳ፣ ያው ድካም፣ ልዩ ልዩ ዋጋ።

አሁን ደግሞ ገማቹ ተሳሳተ እንበል። በ8 ኩንታል ፈንታ 7 ኩንታል ብሎ ጻፈ። የዓመቱ ገቢ 42,000 ብር ይሆናል፤ ካሣውም 630,000 ብር ይሆናል። ገበሬው 90,000 ብር አጡ ማለት ነው። የአንድ ኩንታል ስሕተት ማባዣው ውስጥ ገብቶ የ15 ኩንታል ስሕተት ሆነ። ጭዱም እንዲሁ ነው። የጤፍ ጭድ ለከብት ቀለብና ለቤት ምርጊት የሚፈለግ ነገር ነው። ከጭዱ በዓመት 5,000 ብር ይገኝ የነበረ ቢሆንና ገማቹ ቢረሳው፣ በ15 ሲባዛ 75,000 ብር ተረሳ ማለት ነው። ስለዚህ በገማች ሥራ ትንሽ ስሕተት የሚባል የለም።

ታዲያ ጥሩ ገማች ምን ያያል? ከሁሉ አስቀድሞ ስፋቱን ያረጋግጣል፤ በይዞታ ደብተሩ ላይ የተጻፈውና በመሬቱ ላይ ያለው ልክ አንድ መሆኑን በመሣሪያ ይለካል። ቀጥሎ አፈሩን ያያል፤ ዋልካ ነው ወይስ ቀይ አፈር? ውኃ ይቋጥራል ወይስ ያሳልፋል? ተዳፋት ነው ወይስ ሜዳ? መስኖ ይደርሰዋል ወይ? በዓመት አንድ ጊዜ ይዘራል ወይስ ሁለት ጊዜ? ከገበያና ከመንገድ ምን ያህል ይርቃል? ከዚህ በኋላ በየዓመቱ የማይዘሩትን ተክሎች ይቈጥራል። ቡና፣ ጌሾና እንሰት ተተክለው ፍሬያቸው ወይም ምርታቸው እስኪገኝ ዓመታት ይፈጃሉ። ዛሬ የተቈረጠ የቡና ዛፍ በሚመጣው ክረምት በሌላ አይተካም፤ ገማቹ የዛፉን ብቻ ሳይሆን የሚጠበቅበትንም ዘመን ማሰብ ይኖርበታል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከባዱ ነገር ማስረጃ ማግኘት ነው። አብዛኛው ገበሬ ያፈሰውን በቁና ሰፍሮ በጎተራ ያስገባል እንጂ በመዝገብ አይጽፍም። መዝገብ ሲጠፋ ገማቹ የወረዳውን የእርሻ ጽሕፈት ቤት አማካይ ይወስዳል። አማካይ ደግሞ ለሰነፉ ይጨምርለታል፤ ለታታሪው ይቀንስበታል። ፍግ ያፈሰሰው፣ እርከን የሠራው፣ በጊዜው ያረመው ገበሬ፣ ማሳውን ዳዋ ከዋጠበት ጎረቤቱ ጋር በአንድ ዋጋ ይቈረጣል። ይህም ግፍ ነው፤ ማንም ክፉ ሳያስብ የሚደረግ ግፍ።

ሥራውን የሚሠሩት እነማን ናቸው? የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ግምቱን በሙያው ፈቃድ ያለው ድርጅት ወይም አማካሪ እንዲሠራው፣ እርሱ ባይገኝ ራሱን የቻለ የመንግሥት ተቋም እንዲሠራው፣ ይህም ባይኖር ባለሙያዎች ያሉበት ኮሚቴ እንዲሠራው ይላል። በየወረዳው እንዲህ ባለው ኮሚቴ ውስጥ ከሚገቡት መካከል ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ሁለት ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶች አሉበት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ትምህርት ክፍል እ.ኤ.አ. በ2006 ከተጀመረ ወዲህ በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ልጆች በየክልሉ ተሰማርተዋል።

ወጣቱ ገማች የሚገባበትን ሁኔታ አስቡት። ሜትሩንና መዝገቡን ይዞ ወደ ማሳው ይወጣል። በአንድ በኩል ሥራው እንዲፋጠን፣ ካሣውም እንዳይበዛ የሚፈልግ አለቃ አለ። በሌላ በኩል ዕድሜአቸው አባቱን የሚያህል ገበሬ «ልጄ፣ ይህን መሬት አባቴ አርሶበታል፤ እኔም አርሼበታለሁ፤ እስቲ እውነቱን ጻፍ» ይሉታል። በሦስተኛው በኩል ደግሞ ትናንት በተተከለ ችግኝ ላይ የአሥር ዓመት ዛፍ ዋጋ እንዲጻፍለት በድብቅ የሚለምን አለ። መጽሐፉ ቀመሩን አስተምሮታል፤ ለእነዚህ ሦስት ሰዎች የሚሰጠውን መልስ ግን አላስተማረውም። ብቻውን የቆመ ወጣት ለአንዱ ይሸነፋል። ምናልባት ለብርቱው ይሸነፋል፤ ምናልባት ለእንባው ይሸነፋል። በሁለቱም መንገድ ሚዛኑ ይዛባል።

የወጣት ገማቾች ጉባኤ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በሌላው ዓለም የሙያው ሰዎች ይህን ከተረዱ ቈይተዋል። በእንግሊዝ አገር የእርሻ ገማቾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1910 ተቋቁሟል፤ ወደ ሙያው የሚገቡ ወጣቶችም ከነባሮቹ ጋር እየተማሩ በጽሑፍና በተግባር ተፈትነው አባል ይሆናሉ። የዓለም አቀፍ የቀያሾች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1878 በፓሪስ የተመሠረተ ሲሆን፣ ዛሬ የወጣት ቀያሾች ክፍል አለው። በአገራችንም ከኅዳር 5 እስከ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሽ፣ የአፍሪካ የመሬት ፖሊሲ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን፣ የኢኮኖሚ ኮሚሽኑና የአፍሪካ ልማት ባንክ በአንድነት ያዘጋጁት ይህ ጉባኤ የዚያን ጊዜ ዋና ርእሱ የወጣቶች የመሬት ጉዳይ ነበር። ጉባኤው የገማቾች ብቻ አልነበረም፤ ነገር ግን ስለ መሬት ሲመከር ወጣቱ በር ላይ እንዳይቀር አሳይቷል።

በእንዲህ ያለ ጉባኤ ምን ይሠራል? ንግግር ማዳመጥ ብቻ ከሆነ ጥቅሙ ጥቂት ነው። ዋናው ሥራ በማሳ ላይ የሚደረገው ልምምድ ነው። ሃያ ወጣቶች አንድ ማሳ ይሰጣቸዋል። እያንዳንዱ ሳይመካከር ይለካል፣ ይጠይቃል፣ ያሰላል፤ የደረሰበትንም ዋጋ በወረቀት ጽፎ አሽጎ ያስረክባል። ከዚያ ሁሉም ወረቀት በአንድነት ይከፈታል። አንዱ 500,000 ብር ብሎ ሌላው 800,000 ብር ያለ እንደሆነ፣ ሁለቱ ቆመው ምክንያታቸውን ያስረዳሉ። አንዱ ጭዱን ረስቶ ይሆናል፤ አንዱ የበልጉን አዝመራ አልቈጠረ ይሆናል፤ አንዱ የገበያውን ዋጋ ከወረዳው ከተማ ሌላው ከሩቁ ገበያ ወስዶ ይሆናል። ነባር ገማቾች ያርሟቸዋል። በሁለተኛው ቀን ማሳውን ትተው የክርክር ልምምድ ያደርጋሉ፤ አንዱ ዳኛ፣ አንዱ የገበሬው ጠበቃ፣ አንዱ ገማች ሆነው ግምቱን በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈትኑታል። በሕጉ መሠረት በግምቱ ያልተስማማ ባለይዞታ ለአቤቱታ ሰሚው አካል፣ ቀጥሎ ለይግባኝ ሰሚው ጉባኤ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት አቤት ሊል ይችላልና፣ ገማች የጻፈውን በዳኛ ፊት ቆሞ ማስረዳት መቻል አለበት። «እንዲሁ መሰለኝ» የሚል መልስ በችሎት አይሠራም።

ነገሩን ጠለቅ አድርገን ያየነው እንደሆነ፣ ጉባኤው የሚያደርገው የገበያን ሥራ ነው። በገበያ ብዙ ሰዎች ስለሚገናኙ አንዱ ያበዛውን ሌላው ይቀንሰዋል፤ በመጨረሻም ሁሉ የሚያውቀው ዋጋ ይወጣል። መሬት በማይሸጥበት አገር እንዲህ ያለ መገናኛ የለም። ስለዚህ ገማቾቹ ራሳቸው ተገናኝተው ቁናቸውን ማስተካከል አለባቸው። አለዚያ በአንዱ ወረዳ የሚሰፍረው ቁና ትልቅ፣ በሌላው ወረዳ የሚሰፍረው ቁና ትንሽ ይሆናል። በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ሁለት ገበሬዎች፣ ወረዳቸው በመለያየቱ ብቻ፣ አንዱ ቤት ሲሠራ ሌላው ለቀን ሥራ ይሰደዳል። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር ሐዲድ ስንት ወረዳ አቋርጦ እንደሚያልፍ ያሰበ ሰው፣ የአንድ ቁናን ነገር ቀላል አይለውም።

«ስብሰባማ የአበል መቀበያ ነው፤ ገንዘቡ ለካሣው ቢጨመር አይሻልም?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለ ስብሰባ መኖሩ አይካድም። ንግግር ተደርጎ፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚበተን ጉባኤ ለገበሬው አንዳች አይፈይድም። ነገር ግን ከላይ ያየነውን ሒሳብ መለስ ብለን እናስታውስ። በአንድ ግማሽ ሄክታር ላይ የአንድ ኩንታል ስሕተት 90,000 ብር ከሆነ፣ በመቶ ማሳዎች ላይ የሚደገም ስሕተት 9,000,000 ብር ነው። ጉባኤው ወረቀት የሚከፈትበት፣ ስሕተት የሚነገርበትና የሚታረምበት ከሆነ ወጪውን በአንድ ቀበሌ ውስጥ ይመልሳል። ደግሞም ወጣቱ ወደ ወረዳው ሲመለስ ብቻውን አይሆንም። አለቃው ሲጫነው «የሙያው ሥርዓት እንዲህ ነው» ይላል፤ ጥርጥር ሲገባው ለባልንጀራው ስልክ ይደውላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

እኛ ተማሪዎችስ ምን ልናደርግ እንችላለን? በሒሳብና በጂኦግራፊ የምንማረው ስፋት ማስላት፣ አማካይ ማውጣትና ካርታ ማንበብ ለዚህ ሙያ መሠረት ነው፤ የሚወድ ሁሉ ሊገባበት ይችላል። ከዚህም በቀር ዛሬውኑ የሚሠራ አንድ ቀላል ነገር አለ። ከመካከላችን አያቶቹ፣ አጎቶቹ ወይም አክስቶቹ በገጠር የሚያርሱ ብዙ ናቸው። ለዕረፍት ስንሄድ አንድ ደብተር ይዘን እንሂድ። በዚህ ዓመት ምን ተዘራ፣ ስንት ኩንታል ታፈሰ፣ ጭዱ ስንት ተሸጠ፣ በገበያ ዋጋው ምን ያህል ነበር፣ ስንት የቡናና የጌሾ እግር አለ ብለን ቀኑን ጠቅሰን እንጻፍ። በሚመጣውም ዓመት እንዲሁ እናድርግ። ገማች የሚጠይቀው የሦስት ዓመት ነገር ነውና፣ የሦስት ዓመት ጽሑፍ ያለው ገበሬ በአማካይ አይቈረጥም።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ዛሬ በየወረዳው የሚሰፍሩት ወጣቶች ቁናቸውን አስተካክለው፣ ገበሬውም የሚሰፈረውን ጽፎ ይዞ ከተገናኙ፣ መንገዱም ይሠራል፣ ፋብሪካውም ይቆማል፣ ስለ ልማቱ መሬቱን የለቀቀውም ሰው ያለ ቅሬታ ይኖራል።